መብራት ሲሄድ ውሃው የት ይደርሳል? ለቤት አኳሪየም የሥር ገንዳና ቧንቧ ስለመሥራት

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ቤቴ ባለው አኳሪየም ላይ የቧንቧ ሥራ ልጀምር ስለሆነ፣ መስታወቱ ከመበሳቱና ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ዕቅዴን ተመልክታችሁ እንድትተቹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሣጥኑ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ወርድና 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ እዚሁ ከተማችን መስታወት ቤት በልክ ተቆርጦ በሲሊኮን የተያያዘ ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 270 ሊትር ይይዛል፤ የውሃው ክብደት ብቻ 270 ኪሎ ማለት ስለሆነ መቆሚያውን ከብረት አሠርቻለሁ።

አሁን የምጠቀመው ክዳኑ የታሸገ ማጣሪያ ነው። ውሃ በማጥራት በኩል እንከን አይወጣለትም። ችግሩ የሚመጣው መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በታሸገው ዕቃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱና ይታፈናሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ፓምፑ ያንን የከረመና የሚሸት ውሃ በአንድ ጊዜ ዓሦቹ ላይ ይለቅቀዋል። ስለዚህ አፉ ክፍት የሆነ፣ ብዙዎች ሳምፕ የሚሉትን የሥር ገንዳ ልሠራ ወስኛለሁ፤ ከአኳሪየሙ በታች ይቀመጥና ውሃው በመውረጃ ቧንቧ ወደ እርሱ ወርዶ፣ በፓምፕና በመመለሻ ቧንቧ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል።

የሥር ገንዳው 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በሥራ ላይ ሳለ ውሃው 22 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ጎረቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነና ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት የሚበየድበት ማሽን ስላለው መውረጃውንም መመለሻውንም በ25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ለመሥራት አስቤአለሁ። ፓምፑ በሰዓት 2,000 ሊትር ይገፋል የሚል የተጻፈበት ነው። የመመለሻው አፍ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ ይገባለታል። የምትሉኝን በሙሉ እሰማለሁ።

የማርቆስ ቧንቧ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ ጣና ዳር። ልኩን በሙሉ ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ያለ ቁጥር የሚጠየቅ የቧንቧ ጥያቄ መልስ የለውም። እኔ በሙያዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ዓሣም አረባለሁ፤ እናም በእኛ አገር አኳሪየም ላይ ቧንቧ የሚዘረጋ ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ፓምፑ ሲሠራ ምን እንደሚሆን በማሰብ ሳይሆን፣ ፓምፑ በቆመበት ቅጽበት እያንዳንዱ ሊትር ውሃ የት እንደሚያርፍ በማስላት ነው ብዬ አምናለሁ። መብራት መሄዱ እንደማይቀር እያወቅን፣ የማይሄድ ይመስል የተሠራ ቧንቧ ወለል ላይ ውሃ ከማፍሰስ አይድንም።

እስቲ የእርስዎን ዕቅድ እናስላው። የላይኛው ሣጥን 120 በ45 ስለሆነ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ 5.4 ሊትር ነው። የሥር ገንዳው 80 በ35 ስለሆነ፣ ገንዳውን በክፍሎች የሚለዩትን የመከፋፈያ መስታወቶች ውፍረት ትተን፣ አንድ ሴንቲ ሜትሩ 2.8 ሊትር ነው። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቧንቧ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ መሳቡን የሚያቆመውም አፉ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ 54 ሊትር ወደ ታች ይመጣል። በሥር ገንዳዎ ውስጥ ከ22 ሴንቲ ሜትር በላይ የቀረው ባዶ ቦታ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 50.4 ሊትር ነው። ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውን ሳንቆጥር እንኳ ከ3 ሊትር በላይ ምንጣፍዎ ላይ ይፈስሳል።

አሁን የመመለሻውን አፍ ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲጠልቅ ያድርጉት። የሚወርደው 10.8 ሊትር ይሆናል፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ ላለው 2 ሊትር ጨምሩበት፤ የሥር ገንዳው ውሃ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በላይ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ያው ፓምፕ፣ ያው ገንዳ፣ ያው ቧንቧ ሆኖ ልዩነቱን ያመጣው የአንድ ኤልቦ አቀማመጥ ነው። በተጨማሪም ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ መመለሻው ቧንቧ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይብሱለት፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ገብቶ መሳቡን ይቆርጠዋል።

የተገላቢጦሹም መታየት አለበት። መብራት እያለ መውረጃው በቅጠል ወይም በቀንድ አውጣ ቢደፈን፣ ፓምፑ በክፍሉ ያለውን ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ይገፋና ሣጥኑ በአፉ ይፈስሳል። ይህንን የሚወስነው የፓምፑ ክፍል ስፋት ነው። የፓምፑን ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢሰጡት፣ በ35 ወርድ አንድ ሴንቲ ሜትሩ 0.7 ሊትር ይሆናል። ውሃው ከ22 ተነሥቶ ፓምፑ አየር እስከሚስብበት እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ የሚገፋው 11.9 ሊትር ነው፤ ሌሎቹን ክፍሎች ግድግዳቸው ይዞ ያቆያቸዋል። የላይኛው ውሃ በሥራ ላይ 47 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም እስከ አፉ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 16.2 ሊትር ቦታ አለው። ስለዚህ አይፈስስም። የፓምፑን ክፍል በሰፊው ከሠሩት ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ እንዳያሰፉት አደራ እላለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ደግሜ ሠርቼ አረጋገጥሁ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ይሁንልኝ፦ ቼክ ቫልቭ ካለ የ54ቱ ሊትር ጉዳይ ለምን ይነሣል? ቫልቩ የተሠራው ለዚሁ አይደለም ወይ?

የማርቆስ ቧንቧ (ደብረ ማርቆስ)

ቼክ ቫልቭ አዲስ ሳለና ውሃው ንጹሕ ሲሆን በደንብ ይዘጋል። አኳሪየም ውስጥ ያለው ውሃ ግን አልጌ፣ የተክል ሥር፣ የአሸዋ ቅንጣትና ትንንሽ ቀንድ አውጣ አለበት። ከእነዚህ አንዱ በምላሱና በመቀመጫው መካከል ቢገባ ቫልቩ አይገጥምም፤ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ክፍተት ደግሞ መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ሌሊት ያንን ሁሉ ውሃ ለማሳለፍ በቂ ጊዜ አላት። ከዚህም ሌላ ምላሱ የፓምፑን ግፊት ይቀንሳል። ማስገባት ከፈለጉ አልከለክልዎትም፤ ግን ገንዳው ያለ እርሱም እንዳይፈስስ ተደርጎ ይሠራ፤ ዩኒየን በሚባሉት፣ ቧንቧ ሳይቆረጥ በሚፈቱ መጋጠሚያዎች መካከል ይግባ፤ በየጊዜው ተፈትቶ ይታጠብ።

የዕቃ መደብር (ፍኖተ ሰላም)

የቧንቧ ዕቃ ስለምሸጥ ስለ ፒፒአሩ ልናገር። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፒፒአር 25 ሚሊ ሜትር የሚባለው የውጪው ስፋት ነው። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው፣ ፒኤን 20 ተብሎ የተጻፈበት ዓይነት ግድግዳው 4.2 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ውሃው የሚያልፍበት የውስጥ ስፋት 16.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የ32ቱም ግድግዳ 5.4 ስለሆነ ውስጡ 21.2 ይቀራል። ፓምፕ ለሚገፋው መመለሻ ይህ ጠባብነት ብዙ አይጎዳም። መውረጃ ግን ማንም የማይገፋው፣ በራሱ ክብደት ብቻ የሚወርድ ውሃ ስለሚያስተላልፍ 16.6 ሚሊ ሜትር ፈጽሞ አይበቃውም።

ለመውረጃው ግድግዳው 2.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የ32 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቢጠቀሙ የውስጡ ስፋት 27.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም ከ25ቱ ፒፒአር ጋር ሲነጻጸር ውሃ የሚያልፍበት የአፉ የቆዳ ስፋት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ነው። እኔ ብሆን መመለሻውን በፒፒአር፣ መውረጃውን በፒቪሲ እሠራዋለሁ። ፒቪሲው በሴጌቶ በቀጥታ ተቆርጦ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ማጣበቂያው በሁለቱም ፊት ተቀብቶ ሩብ ዙር እየዞረ ይግባ። ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ደርቆ፣ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ቧንቧው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ። ፒፒአሩን ለሚበይዱት ጎረቤትዎ ደግሞ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ እንዲታገሡና 25ቱን ለ7 ሰከንድ ብቻ እንዲያሞቁ ይንገሩልኝ። ከዚያ በላይ ከቆየ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቀድሞውንም የጠበበውን ቀዳዳ ይዘጋዋል፤ ከውጪ ሲታይ ግን ብየዳው ያማረ ስለሚመስል ማንም አያውቅበትም።

በየመጋጠሚያው ቫልቭ አያብዙ። መመለሻው ላይ አንድ ቦል ቫልቭ፣ ከፓምፑ በላይ አንድ ዩኒየን ይበቃል። ዩኒየን የሌለው ፓምፕ ለመታጠብ ሲፈለግ በሴጌቶ ይቆረጣል፤ ይህንን አይቼዋለሁ።

የዳንግላ ዓሣ አርቢ (ዳንግላ)

መስታወት መብሳት ለምን አስፈለገ? በሣጥኑ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል፣ በዩ ቅርጽ ቱቦ ውሃውን ከጠርዙ በላይ አሳልፎ የሚያወርድ ሣጥን አለ። በቤት ውስጥ ከመስታወት ቁርጥራጭ ሊሠራ ይችላል፤ እኔም ሠርቼ ተጠቅሜበታለሁ። ለጀማሪ የሚሻለው እርሱ ነው እላለሁ።

የማርቆስ ቧንቧ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ ዳንግላ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ያ ቱቦ የሚሠራው ውስጡ በውሃ እንደተሞላ እስከቆየ ድረስ ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ትንንሽ የአየር አረፋዎች በቱቦው ጀርባ እየተጠራቀሙ ሄደው አንድ ቀን መሳቡን ይቆርጡታል። ወይም መብራት ጠፍቶ በቆየበት ሰዓት በአንዱ በኩል ያለው ውሃ በትነት ዝቅ ይልና አየር ይገባበታል። ከዚያ መብራት ይመጣል፤ ፓምፑ ማንም ሳያዘው ይነሣል፤ መውረጃው ግን አይነሣም። መብራት የማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ዕድሉን ሊሞክር ይችላል። እኛ ዘንድ ፓምፑ ሰው በሌለበትም ሆነ ሰው በተኛበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋና ስለሚነሣ፣ በራሱ የማይነሣ መውረጃ ልናምነው አይገባም። የተበሳ መስታወት ውሃ ከደረሰበት ሁልጊዜ ያወርዳል።

የዳንግላ ዓሣ አርቢ (ዳንግላ)

ትነቱን እንደዚያ አላሰብሁትም ነበር፤ አሳማኝ ነው። የሚንጠለጠለውን ሣጥን ለሚጠቀም ሰው ቢያንስ የፓምፑ ክፍል ጠባብ ይሁን ያሉት ምክር ይጠቅመዋል።

መስታወት ቤት (ባሕር ዳር)

ስለ መብሳቱ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ነው። በመጀመሪያ መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ አለመሆኑ ይረጋገጥ። የጠነከረ መስታወት አይበሳም፤ መብሻው እንደነካው ሁለመናው ተፈረካክሶ ይወርዳል። ከውጪ ተሠርተው የሚመጡ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ወለላቸው የጠነከረ ነው። እዚህ ተቆርጦ የተሠራ ሣጥን መስታወቱ በመቁረጫ መቆረጥ መቻሉ ራሱ ያልጠነከረ ለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ የጠነከረ መስታወት ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥምና።

የሚበሳው በአልማዝ መብሻ ነው። መብሻውን ከመግዛትዎ በፊት ፊቲንጉን ይግዙ፤ የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው በፊቲንጉ አንገት ነውና። ከሮቶ ጎን ላይ የሚገባው ባለ ጎሚኒ የፕላስቲክ መውጫ ለዚህ ሥራ በትክክል ያገለግላል፤ ከውጪ ተልኮ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ መስታወቱ ወደ ጥግ ይሰነጠቃል።

ሣጥኑ ባዶ ሆኖ፣ የሚበሳው የጀርባ መስታወት ከታች እንዲሆን ብርድ ልብስ ላይ ይጋደም፤ እጅ ወደ ውስጥ ገብቶ መብሳት ካስቸገረ ተገልብጦ ከውጪ በኩል ይበሳ። ቦታው ላይ በሁለቱም ፊት ፕላስተር ይለጠፍ፤ ዙሪያውን በሊጥ ወይም በጭቃ ክብ ግድብ ተሠርቶ ውሃ ይፍሰስበት። ድሪሉ በዝቅተኛ ፍጥነት ይዙር፤ መጀመሪያ መብሻው ትንሽ ዘንበል ብሎ ጨረቃ የመሰለች መስመር ይቆፍር፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቃና። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ይህ የመስታወቱ ዱቄት ስለሆነ አያስደንግጥ፣ ግን በየጊዜው ይታደስ። እጅ መጫን የለበትም፤ የድሪሉ ክብደት ብቻ በቂ ነው። በተለይ ድምፁ ሲቀጥንና ሊያልቅ ሲል ድሪሉን በትንሹ ወደ ላይ አንሥቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ መስታወት የሚቦደሰው በመጨረሻው ሚሊ ሜትር ላይ ነው። 10 ሚሊ ሜትር መስታወት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ የሚቸኩል ሰው አይጀምረው።

ሁለት ቀዳዳ ይብሱ። አንዱ ዋናው መውረጃ፣ ሁለተኛው ከዋናው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሁልጊዜ ደረቅ የሚቆም የአደጋ ጊዜ መውረጃ ይሁን። ሁለተኛው ላይ ቫልቭም ሆነ ወንፊት አይገባም።

የኬሚስትሪ መምህር (እንጅባራ)

የጣና ዳር ሐሳብ በሌላ ምክንያትም ትክክል መሆኑን ልጨምር። ውሃ ከአየር የሚወስደው ኦክስጅን በከባቢው ግፊት ልክ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ያው ውሃ ሊይዝ የሚችለው ወደ 6.6 ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ውሃውን በማሞቂያ 26 ዲግሪ ካደረስነው ወደ 6 ይወርዳል። በውጪ አገር መመሪያዎች ላይ ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ተብሎ የሚጻፈው ለእኛ ከፍታ የተሰላ አይደለም። ከላይ ወደ ሥር ገንዳ እየተገለበጠ የሚወርድ ውሃ አየር የሚያገኝበት ፊት ብዙ ስለሆነ፣ ለጎጃም ደጋ ይህ አሠራር እጅግ ይስማማል።

ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ይህም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑር። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 5 ዋት የሚወስድ የአየር ፓምፕ ባትሪው ሳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቅሞ 8 ሰዓት ይሠራል። በዚሁ ባትሪ 40 ዋት የሚወስደውን ዋናውን ፓምፕ ለማንቀሳቀስ መሞከር ግን ከአንድ ሰዓት ብዙ አያሻግርም። የአየር ፓምፑ ከውሃው ወለል በላይ ይቀመጥ፤ በታች ከሆነና ከቆመ ውሃ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑንም ወለሉንም ያበላሻል።

ሌላው የብረት ጉዳይ ነው። ፒፒአርን ከፊቲንግ ጋር ለማያያዝ የሚሸጡት አንዳንድ መጋጠሚያዎች ውስጣቸው የናስ ጥርስ አለው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ መዳብን ፈጽሞ አይችሉም። በተቻለ መጠን ውሃ የሚነካው ክፍል ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን፤ ጋልቫናይዝድ ቧንቧማ ጨርሶ አይታሰብ።

እናት ዓሣ (ደብረ ማርቆስ)

መምህራችን ስለ ማሞቂያ ካነሡ አንድ ነገር ላክል፤ እኛ ዘንድ ያለ ማሞቂያ አይሆንምና። ብዙ ሰው ማሞቂያውን የፓምፑ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሞቆ የወጣው ውሃ ቶሎ ይሰራጫል በማለት። የሥር ገንዳ ባለው አኳሪየም ግን ትነት የሚታየው በዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ የላይኛው ሣጥንም ሆነ ሌሎቹ ክፍሎች ሁልጊዜ ሙሉ ናቸው። ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ሳይጨመር ከቀረ ማሞቂያው ከውሃ ወጥቶ በደረቁ ይግላል፤ ውሃ ሲጨመርበትም የማሞቂያው መስታወት ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለው ደግሞ 220 ቮልት ነው። ማሞቂያው በመካከለኛው ክፍል፣ ከፍታው በግድግዳ በተወሰነው ውሃ ውስጥ ይግባ። ዲቫይደሩ ከውሃው ደረጃ በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይነሣ፣ ገመዱን ተከትሎ የሚመጣ ጠብታ ሶኬቱ ሳይደርስ እንዲወድቅ። እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ሁሉም ይነቀል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህንን ማስታወስ ግዴታ ነው።

ቡሬ (ቡሬ)

ስለ ትነቱ ከተነሣ፣ ከሮቶው ቀጥታ ቀጭን ቧንቧ ስቤ በፍሎተር ራሱ እንዲሞላ ባደርገውስ? ሽንት ቤት ላይ ዕድሜ ልኩን ይሠራል።

የማርቆስ ቧንቧ (ደብረ ማርቆስ)

እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። የሽንት ቤቱ ፍሎተር ሲበላሽ የሚተርፈው ውሃ ወደ መጸዳጃው ይፈስሳል፤ የእርስዎ ግን ሳሎን ላይ ነው። ሮቶው 1,000 ሊትር ከሆነ 1,000 ሊትር ሊፈስስ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከቧንቧ የመጣው ክሎሪን ሳይወጣለት ይገባል። ከፈለጉ ፍሎተሩን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ያገናኙት፤ ውሃውም አንድ ሙሉ ቀን በክፍት ዕቃ ያደረ ይሁን። ፍሎተሩ ቢጣበቅ የሚመጣው 20 ሊትር ብቻ ነው፤ በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፍቶ ከላይ የሚወርደው ወደ 13 ሊትር ቢጨመርበት እንኳ፣ የጣና ዳርን የመሰለ ገንዳ ያለው ሰው 50 ሊትር ቦታ አለው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ምክራችሁን ይዤ ሥራው ተጠናቅቋል። መስታወቱ በባለሙያ እጅ ሁለት ቦታ ተበስቶ የሮቶው መውጫ ገብቶለታል። መውረጃዎቹ የ32 ፒቪሲ፣ መመለሻው የ25 ፒፒአር ሆነዋል። ዓሣ ሳላስገባ በንጹሕ ውሃ ሞከርሁት። ፓምፑን ነቅዬ በሥር ገንዳው ላይ የት እንደደረሰ በፓርከር አሰመርሁ፤ 27 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ቆመ። ከዚያ ዋናውን መውረጃ በጨርቅ ደፍኜ ፓምፑን ለቀቅሁት፤ ውሃው ደረቁ መውረጃ ላይ ሲደርስ በእርሱ ወረደ። እርሱንም ስደፍነው ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ሣጥኑ ገና አልሞላም ነበር። የሚመለሰውንም ለካሁ፤ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በ32 ሰከንድ ይሞላል፣ ይህም በሰዓት 1,125 ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ ላይ የተጻፈው 2,000 ነበር።

አሁን የቀረኝ ድምፁ ነው። መውረጃው በየጥቂት ሰከንዱ ይጎረጎራል፣ ከዚያ በኃይል ይስባል፣ ደግሞ ይቆማል። ማታ እንቅልፍ ይነሣል። እንዲሁም ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ለማስገባት ሐሳብ አለኝ።

የማርቆስ ቧንቧ (ደብረ ማርቆስ)

የባልዲው ልኬት ትክክል ነው። የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ ሳያነሣ የሚገፋው ነው፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሲያነሣና ኤልቦ ሲያልፍ ይቀንሳል። 1,125 ሊትር ለእርስዎ ሣጥን በሰዓት ከአራት ጊዜ በላይ መዘዋወር ስለሆነ ከበቂ በላይ ነው፤ ትልቅ ፓምፕ አይፈልጉ።

ድምፁ የሚመጣው ውሃና አየር በአንድ ቧንቧ ለመውረድ ሲሻሙ ነው። በመውረጃው አፍ ላይ ቲ ይግጠሙ። በቲው ጎን ወደ ታች የሚያይ ኤልቦ ይግባ፤ ውሃው ከወለሉ በታች በዚያ ይግባ። የቲው ላይኛ አፍ በክዳን ይዘጋና ክዳኑ ላይ በጣም ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳው በጣም ከጠበበ መሳቡና መቆሙ ይቀጥላል፣ ከሰፋ ይጎረጎራል፤ ስለዚህ በ2 ሚሊ ሜትር ጀምረው ጸጥ እስኪል ድረስ በጥቂቱ ያስፉት። የቧንቧው ታችኛ ጫፍም በሥር ገንዳው ውሃ ውስጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይጥለቅ፤ ጠልቆ ከገባ አየሩ መውጫ ያጣል።

መስታወት ቤት (ባሕር ዳር)

ቆሮሶውን ተዉት እላለሁ። ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ አሸዋ እየቆፈረ ጎጆ ይሠራል፤ የቆፈረው ሁሉ በመውረጃው ወርዶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ደግሞም ለዚህ ሣጥን ከልክ በላይ ያድጋል። ሌላም ልብ የምንልበት ነገር አለ፤ ሣጥኑን ስናጸዳ የምናወጣውን ውሃና የተክል ቅንጣቢ ወደ ሐይቁ በሚሄድ ቦይ አንድፋው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን ምን እንዳደረገው ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ውሃው ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ነው፤ ተክሉ ደርቆ ይቃጠል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ቆሮሶው ቀርቷል፤ ጉፒዎቹ ይበቁናል። ክዳኑን በ2 ሚሊ ሜትር ጀምሬ አንድ ጊዜ ብቻ ካሰፋሁት በኋላ ጎርጎር ማለቱን ትቷል። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ በሮቶው መውጫ ዙሪያ ከውጪ በኩል ትንሽ እርጥበት ይታያል፤ በሲሊኮን ልድፈነው?

መስታወት ቤት (ባሕር ዳር)

አይድፈኑት። በአብዛኛው እርጥበት የሚመጣው ጎሚኒው ነት ባለበት በኩል ሲገባ ነው፤ ነቱ ሲጠብቅ ጎሚኒውን ይጠመዝዘዋል። ውሃውን ከቀዳዳው በታች አውርደው ይፍቱት። ጎሚኒው ሰፊው ከንፈር ባለበት በኩል፣ ማለትም በሣጥኑ ውስጥ ከመስታወቱ ጋር ይነካካ። መስታወቱንም ጎሚኒውንም በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ነቱን በእጅ ካጠበቁ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ፣ ከዚያ በላይ መስታወቱን ይሰነጥቃል። ሲሊኮን በጎሚኒው ላይ አይቀባ፤ ያንሸራትተዋል። ከዚያ ደረቅ የሽንት ቤት ወረቀት ከሥሩ አስቀምጠው ያሳድሩት፤ ወረቀቱ ጠዋት ደረቅ ከሆነ ዓሦቹን ማስገባት ይችላሉ።